ሰባቱ የዱቄት አበቦች

ከፖዲኖና ቤት በር እስከ ሕመምተኛው መቀመጫ ወንበር ድረስ፣ ወለሉ ላይ ሰባት የሎተስ አበባ በሩዝ ዱቄት የሳልኩት ከቀትር በኋላ ነው። ሕመምተኛው አንድ በአንድ እየረገጠ ያጠፋቸዋል፤ የያዘውም ክፉ ነገር አብሯቸው ይጠፋል። በማታራ መንደሮች ሠላሳ ዓመት የኖርኩበት ሥራ ነው።

ዱቄቱን የወቀጠችው ራሷ ፖዲኖና ናት። ዘነዘናዋ አዲስ ነበር።

«አሮጌውስ?» አልኳት።

«ተሰበረ፣ መምህር።»

ባሏ ኤዲሪስ ከጓዳ ብቅ አለ። «ይሄ ሽማግሌ ወለሌ ላይ ምን ያቦካል?»

«ለአንተው ጤና ነው» አለችው።

ፀጉሯን ጨምድዶ ይዞ ከግድግዳው ጋር አላተማት፤ ደገማት። ልገላግል ስጠጋ በክርኑ ደረቴን ቢለኝ መሬት ላይ ዘፍ አልኩ።

«አበባ መርገጥ ነው አይደል? ይኸው» አለና በሰባቱም ላይ ድም ድም እያደረገ ሄዶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ይስቃል።

ፖዲኖና አፏን በእጇ ይዛ ወለሉን ታያለች። እኔም አየሁ። ከከንፈሯ የወረደ ደም ሰባተኛው አበባ ላይ ጠብ ብሏል። ከዚያ በቀር አንዲት ቅጠል እንኳ አልተነካችም። ሰባቱም እንደሳልኳቸው ናቸው።

ፖዲኖና አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

«እሁድ ጠዋት አናቱን በዘነዘናው ሦስቴ ብዬው፣ ከውሃ ጉድጓዱ ጀርባ ቀበርኩት፣ መምህር» አለችኝ። «ማታውኑ ራቱን ሊበላ መጣ።»