የመርማሪው ቤት ተዘረፈ

ቴሌቪዥን ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ ኒው ዮርክ ውስጥ በየሳምንቱ በሚተላለፍ የፖሊስ ድራማ ላይ መርማሪ ሆኖ የሚተውን ሰው ቤቱ ተዘረፈ። የሟች እናቱ ሐብል ሳይቀር ተወስዶበት፣ እየተጣደፈ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ።

ተረኛው ሳጅን ሲያየው በደስታ ከመቀመጫው ተነሣ።

«እርስዎማ አንድም ሌባ አምልጦዎት አያውቅም! እኔና ባለቤቴ ሁሌ እናይዎታለን። ማን እንደሆነ ብቻ ይንገሩን፣ ሄደን እንይዘዋለን።»

«እኔ ምን አውቄ ጌታዬ!» አለ ተዋናዩ። «ጥፋተኛው ማን እንደሆነ የሚነግረኝ እኮ የድራማው ደራሲ ነው፤ ሚስተር ሃስኪን።»

ሳጅኑ ስሙን በጥንቃቄ ጻፈ።

«ሁልጊዜ ቀድሞ ያውቃል?»

«ሁልጊዜ።»

ከምሳ በፊት ደራሲውን በካቴና አስረው አመጡት።