አንዲት ጠጠር

ሸበቶዋ የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ ወረቀቱን ያገላብጣሉ፤ ቅሬታ አቅራቢው ድማሚት አፈንጂ የግድግዳውን ሰዓት እያየ ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል። ከቢሮው ማዶ ባለው የድንጋይ ካባ የቆመው ሥራ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጀመራል። ሩብ ጉዳይ ሆኗል።

«ድማሚት የማፈንዳት ፈቃድህ የተሰረዘው ጆሮህ ደክሟል ተብሎ ነው» አሉ ሰብሳቢዋ። «የሠራተኞቹ አለቃ ካፖው አሥራ ሁለት ፍንዳታ ሲቆጥር አንተ አሥራ አንድ ነው ብለህ ሦስት ቀን ሥራ አስቆምክ።»

«እትዬ፣ ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ነው የሠራሁት። በቀበርኩት ድማሚት ልክ ጠጠር እይዛለሁ። አንዱ በፈነዳ ቁጥር አንዷን እጥላለሁ። እጄ ባዶ ካልሆነ ሰው አላስገባም።» ከኪሱ አንዲት ጠጠር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ይቺ ቀርታለች። ያልፈነዳው ፍርስራሹ ሥር ነው ያለው። እባክዎ ደውለው ፍርስራሹን የሚዝቀውን ስካቫተር ያስቁሙልኝ!»

«መጀመሪያ ያንተን ጉዳይ እንጨርስ።» ሰብሳቢዋ ፊታቸውን በወረቀቱ ከልለው አንሾካሾኩ፤ «ልጆች አሉህ?»

«ሦስት።»

ሰብሳቢዋ ፈገግ ብለው የኮሚቴውን አባላት አዩ። «ጆሮውስ ከኔም ይሻላል!» ቀስ ብለው ጻፉ፤ ማኅተሙን እፍ እፍ ብለው መቱበት። «እንኳን ደስ አለህ፣ ፈቃድህ ተመልሷል።»

«ስልኩን፣ እትዬ!»

«እሺ፣ ምን ያጣድፍሃል?» መነጽራቸውን ጠርገው የካባውን ቁጥር መፈለግ ጀመሩ።

ከካባው በኩል ፍንዳታ ተሰማ፤ የመስኮቱ መስተዋት ተንቀጠቀጠ።

ጠጠሯን ከጠረጴዛው ላይ አነሳት። ሊጥላት ፈለገ፤ እጁ ግን አልከፈት አለው።