የወይዘሮ ዶሪን ድምፅ

እንደራሴው በአሜሪካዋ አዮዋ ግዛት ምክር ቤት ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ አርጅተው፣ ምርጫው ሳምንት ሲቀረው ሞቱ። ሚስታቸው ዶሪን ከቀብር እንደተመለሰች የቅስቀሳ ኃላፊያቸው ሃርላን ተከትሏት ገባ።

«ወይዘሮ ዶሪን፣ የምርጫ ወረቀቱ አስቀድሞ ስለታተመ ስማቸው አይሰረዝም። ሞተውም ይወዳደራሉ።»

«አሁንም አልበቃውም? ከሠርጋችን ማግስት ጀምሮ ድምፅ ፍለጋ በየሰው ደጅ ሲዞር ኖረ። ከእኔ ጋር ተቀምጦ እራት የበላው ጉንፋን ሲይዘው ብቻ ነው።»

«ሕዝቡ ግን እንደ ዘንድሮ ወዷቸው አያውቅም። ተፎካካሪያቸው ይለፈልፋል፤ እሳቸው ዝም ብለዋል። የእርስዎ ድምፅ ደግሞ እንዳይቀርብን።»

ዶሪን ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣባት።

በምርጫው ቀን ሃርላን ደግፎ ወሰዳት። ከመጋረጃው ጀርባ ብዙ ቆይታ ወጣች።

«ስማቸውን ሲያዩ ሆድዎ ባባ አይደል?» አላት።

«እሱን መምረጥ አልለመድኩማ» አለች ዶሪን፣ አፍንጫዋን እየጠረገች። «ተሸንፎ ቤቱ እንዲገባልኝ ሁልጊዜ የምመርጠው ተፎካካሪውን ነበር። አሁንማ ቢያሸንፍም የትም አይሄድብኝ።»