የእናትዎን ስም ይንገሩኝ

«የእናትዎን ስም ይንገሩኝ፣ አባቴ» አለች መቅደስ።

ከስልኩ ማዶ ያሉት ሽማግሌ ትንፋሽ ሰበሰቡ። «አሰፋ» የሚለውን የራሳቸውን ስም ለመናገር እንኳ ብዙ ታግለዋል። የሚስጥር ቁጥራቸውን ደጋግመው ቢሳሳቱ የባንክ ሒሳባቸው ስልካቸው ላይ ተቆልፎባቸው ነው የደወሉት። እንዲከፈትላቸው ደግሞ የሒሳቡ ባለቤት መሆናቸው በጥያቄ መረጋገጥ አለበት።

«ት… ትሉ… ትሉወልክ» አሉ።

ጥሩወርቅ ማለታቸው ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ተጽፎ ታየዋለች። ምላሳቸው ከብዶ አልታዘዝ ብሏቸው ነው።

መቅደስ ከጠዋት ጀምሮ የባንኩን ደንበኞች ስልክ ስትቀበልና ስትሰደብ ነው የዋለችው። አንዱ ደዋይ የባንኩ ማሽን ካርዱን ስለዋጠበት ከእናቷ ጀምሮ ዘሯን በሙሉ ሲሰድብባት፣ እሷ በመመሪያው መሠረት «ስለተፈጠረው ችግር ይቅርታ እንጠይቃለን» እያለች አስጨርሳዋለች። ሥራውን የጀመረች ሰሞን እንዲህ ሲሆን መጸዳጃ ቤት ገብታ አልቅሳ፣ ፊቷን ታጥባ ትመለስ ነበር። አንድ ቀን የሰደበቻትን ሴትዮ አነጋገር አጠገቧ ለምትቀመጠው ለዋፊቃ አስመስላ ብታሳያት፣ ዋፊቃ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። «አቦ አንቺ ልጅ፣ ቦታሽ ትያትር ቤት ነበር» አለቻት። ከዚያ ወዲህ መቅደስ አልቅሳ አታውቅም። ከማዶ እንዳይሰማ የድምፅ መዝጊያውን ትጫናለች፣ ደዋዩን ለዋፊቃና ከወዲያ ለሚቀመጠው ለሄኖክ አስመስላ ታወራላቸዋለች፣ ደረቷ ላይ የተቋጠረው ነገር ይፈታል። መጀመሪያ የሚሳደቡትን ብቻ ነበር። እያደር ማንንም ሆነ።

አሁንም መዝጊያውን ነካ አድርጋ ወደ ጓደኞቿ ዞረች። የታችኛውን ከንፈሯን ወደ ጎን አጣመመች፤ ምላሷን አወፈረች።

«እናቴ… ት… ትሉ… ትሉወልክ!»

ሄኖክ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ዋፊቃም ሳቀች። ከዚያ በድንገት አቆመችና ጣቷን ወደ መቅደስ ኮምፒውተር ቀሰረች። ድምፁ መዘጋቱን የሚያሳየው ቀይ ምልክት አልበራም።

በመስኮቱ በኩል ከታች ካለው ከፈላና በር የባጃጆች ጡሩምባ ይሰማል። በጆሮ ማዳመጫው ግን፣

«ልጄ» አሉ ጋሽ አሰፋ። «እንደ… እንደሱ ነው… የምናገለው?»

ቢቆጡ ኖሮ ትችልበት ነበር። ለተቆጣ ሰው የሚባለው ሁሉ ተጽፎላታል። እሳቸው ግን የጠየቁት ለማወቅ ነው።

«አይ፣ አባቴ… እኔ…»

«ሚስቴ… ገላነሽ… አፍህ… ተፈቷል… ትለኛለች» አሉ፤ ይህን የሚሉት ለእሷ ይሁን ለራሳቸው አልገባትም።

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ተንኮሻኮሸ። የሴት ድምፅ መጣ።

«ሃሎ፣ የኔ ልጅ፣ ባለቤቱ ነኝ። ምን እንደነካው እንጃ፣ ስልኩን ሰጠኝ። ደም ግፊት ጥሎት አፉ ተይዞ ነው የከረመው። አስተማሪ ነበር እኮ፤ ድምፁ ከክፍል አልፎ አስፋልት ድረስ ነው የሚሰማው። ሐኪሙ አዘውትሮ ይናገር ቢለን፣ ከኔ በቀር ከሰው ጋር አላወራም አለ። ዛሬ ነው ‹እኔው ራሴ እደውላለሁ› ያለኝ። የሚለውን ነገር ከማለዳ ጀምሮ ሲለማመድ… ደህና ሲያወራም ነበር። ታዲያ እኔ ብጨርስለት አይሆንም?»

«ጨርሰዋል» አለች መቅደስ። «ሁሉንም በትክክል ነው የመለሱት።»

ሒሳቡን ከፈተችላቸው። ቀጥሎ የሚባለው «ሌላ የምረዳዎት ነገር ይኖራል?» ነው። ይህን ብላ መዝጋት ትችላለች። ሽማግሌው ለሚስታቸው እንኳ አልከሰሷትም። ጥሪው ሁሉ ቢቀረጽም፣ አለቃቸው አቶ ለማ ከቀኑ ውስጥ መርጦ የሚያዳምጠው ጥቂቱን ነው። እሷ አፍ አውጥታ ካመነች ግን መካድ የለም። ዋፊቃ የገባት ይመስል ወደ ጆሮዋ ተጠጋች።

«ዝጊው፣ ወላሂ በራስሽ ላይ ጣጣ ታመጫለሽ።»

«እማማ» አለች መቅደስ፣ «ስልኩን ለጋሼ መልሰው ይስጡልኝ።»

ትንፋሻቸውን ስትሰማ እሳቸው መሆናቸውን አወቀች።

«ጋሼ፣ መቅደስ እባላለሁ። ሳሾፍብዎት ነው የሰሙኝ። ድምፁ የተዘጋ መስሎኝ ነው።» ይህን ያለችው በራሷ ጆሮ ሲገባ ፊቷ ነደደ። ይቅርታ ልትጠይቅ የተነሳችው ስለተሰማባት ብቻ ነበር። «ባይሰሙኝም ነውር ነው። በእናትዎ ስም… ነውር ነው ያደረግሁት። ይቅር ይበሉኝ።»

ትንፋሹ ይገባል፣ መሀል ላይ ይያዛል፣ ይወጣል። ሄኖክ ቀና ብሎ ያያታል። ሌሎች ጥሪዎች ተራ እየጠበቁ መሆናቸው ኮምፒውተሩ ላይ ብልጭ ድርግም ይላል። መቅደስ ጠበቀች።

«ሃሎ?» አሉ ወይዘሮ ገላነሽ። «እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀልሽ።» ከዚያ ከስልኩ ዞር ብለው፣ «በአፍህ መልስላት እንጂ፣ አሰፋ። በአፍህ» ሲሉ ተሰማ። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ተመለሰ።

«መናገር እምቢ አለኝ። የኔ ልጅ፣ ምን ብለሽው ነው?»

መቅደስ ማይክሮፎኑን ወደ አፏ አስጠጋች። «እነግርዎታለሁ፣ እማማ» አለች።