የዘንዶው ምድብ

ጭራቅም ሆነ ዘንዶ ከሰው ጋር መኖር ከጀመረ ወዲህ በቀበሌ ምድብ ይሰጠዋል። ወይዘሮ የሺመቤትም ከእንቁላሉ ጀምረው ያሳደጉትን ዘንዶ ይዘው ቀበሌው ግቢ ደረሱ።

መዝጋቢው ዳንሳ፣ «የቤት ካልነው ክንፉ ይቆረጣል፤ የዱር ካልነው ዛሬውኑ ይለቀቃል» አላቸው።

ወይዘሮ የሺመቤት የሚኖሩት ብቻቸውን ነው። በክረምት ልብሳቸውን በትንፋሹ የሚያደርቅላቸው፣ እግራቸውን ሲቆረጥማቸው ሆዱ ሥር አድርጎ የሚያሞቅላቸው እሱ ነው።

«የዱር በል» አሉ።

«እማማ፣ ተመልሶ አይመጣም እኮ!»

«አውቃለሁ ልጄ። ትናንት ጣራ ላይ ወጥቶ አሞሮችን ሲያይ ዋለ።»

ፈርመው ማሰሪያውን ፈቱለት። ዘንዶው ግን ጭንቅላቱን ጉያቸው ውስጥ ቀብሮ አልሄድ አለ።

«ተነስ እንጂ፣ አንተ ሰነፍ!» ብለው በነጠላቸው ጫፍ መታ አደረጉት።

ተነሳ። የክንፉ ነፋስ የዳንሳን ወረቀቶች በግቢው በተናቸው።

ወይዘሮ የሺመቤት እያለቀሱ አጨበጨቡ። «ጎሽ! ጎሽ የኔ አንበሳ!»