ጥፍር የምታህል ጨለማ

መብራት የጠፋው ጸዳለ ለናሙናዋ ለቅጽበት ያህል ኤሌክትሪክ ሰጥታ፣ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳታነሳ ነው።

«አለቀልኝ፣ ጋሼ ጌታነህ!»

ጌታነህ የዩኒቨርሲቲው ላብራቶሪ ዕቃ ጠባቂ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት በሩ ጥግ ቆሞ ያልሰማው ትምህርት ስለሌለ፣ ምኑ እንዳለቀ አይጠፋውም። በሁለቱ ስስ መስታወቶች መሀል ያለችው የፌሮኤሌክትሪክ ፈሳሽ ክሪስታል ጠብታ የመጨረሻዋ ናት። ፈሳሽ ብትሆንም ሞለኪውሎቿ እንደ ድር ተሰልፈው ይቆማሉ። ኤሌክትሪክ ሲነካቸው ሁሉም ባንድነት ወደ ሌላ ጎን ያጋድላሉ፤ ኤሌክትሪኩ ቢነሳም እንዳጋደሉ ይቀራሉ። ይህን መጀመሪያ የሰማ ዕለት አማትቦ ነበር።

የቀደሙት የጸዳለ ሁለት ናሙናዎች ግን ኤሌክትሪኩ ሲነሳ ወደነበሩበት ተመልሰው ሁሉንም ረስተዋል። ይህች ሦስተኛዋም ከረሳች የማስተርስ ጥናቷ እዚሁ ይቀራል።

ጥፋቱን ያገኘው እሱ ነው። ባለፈው ሳምንት፣ ሞለኪውሎቹ እንዲሰለፉ የመስታወቱን ገጽ በከፋይ ጨርቅ ስታሽ አይቶ፣ «ምነው ልጄ፣ ጠረጴዛ ነው እንዴ ወዲያና ወዲህ የምትወለውዪው?» አላት። የዶርዜ ሸማኔ ልጅ ነው። «ድር እኮ ባንድ ፊት ነው የሚዘረጋ። ጨርቁን ባንድ አቅጣጫ ብቻ ሳቢው።» ሳቀችበት። ሳቋን ስትጨርስ ግን እንዳላት አደረገች።

አሁን «ምኑ አለቀ?» ይላታል። «ጥያቄሽ ኤሌክትሪኩ ሲነሳ ትረሳለች ወይ አይደል? ይኸው ተነሳላት።»

«ማይክሮስኮፑም አብሮ ጠፋ እኮ! በምን ልያት?»

«ፀሐይዋ አልጠፋችም።»

መጋረጃውን ይገልጣል። ከታች የአባያ ሐይቅ ቀላ ብሎ በቀትር ፀሐይ ያንጸባርቃል። ሽቦዎቹን ፈትቶ፣ መስታወቷን ጠርዝና ጠርዟን በሁለት ጣቱ ይይዛታል።

«እንዳይጫኗት፣ በእናትዎ! ትንሽ ከተጫኗት ሰልፉ ይፈርሳል።»

«የተበጠሰ ፈትል ስቀጥል ነው ያደግሁት። ይልቅ አንቺ ማጣሪያዎቹን አምጪ።»

ጸዳለ ብርሃን የሚያጣሩትን ሁለት ጥቋቁር ስስ ፕላስቲኮች አንዱን ከመስታወቷ ፊት፣ ሌላውን ከኋላዋ አድርጋ ቀስ ብላ ታዞራለች። ጌታነህ በልቡ፣ አቤቱ፣ አንተ ያዛት ይላል።

መስታወቷ ትደበዝዛለች። ከዚያ ዳር ዳሯ ብርሃን ይሞላል። መሀሏ ላይ ግን ኤሌክትሪኩ የነካት ጥፍር የምታህል ካሬ ጥቁር እንደሆነች ናት፤ ጠርዟ እንደ ጥለት ቀጥ ያለ። ሽቦ የላት፣ ኤሌክትሪክ የላት፣ የያዛት ነገር የለም።

«አልረሳችም» ትላለች ጸዳለ።

ከኋላቸው መብራቱ ይመጣል። ማንም ዞር አይልም። ጌታነህ ክንዱ እስኪዝል ያችን ትንሽ ጨለማ በሐይቁ ብርሃን ፊት እንደያዛት ነው።