ብረት የሌለው ቦት

ቦቱን ስክሪኑ ላይ ታዞረዋለች። ቀዩ ቆዳ ገና ከመደብር እንደወጣ መኪና ያብረቀርቃል፤ ተረከዙ አሥራ አንድ ሴንቲ፣ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ። ከጀርባዋ ታናሽ እህቷ ሚጢ፣ አባታቸው ትናንት ሠርቶ የጨረሰውን እውነተኛውን ቦት ተጫምታ ዚፑን ትስባለች። ታች ደንበኛዋ ቆማለች፣ «ደረጃ ሲወረድበት ካላየሁ አላዝም» ብላ።

«ከወደቅኩ አለቅሽም!» ትላለች ሚጢ፣ ቋ ቋ እያደረገች ከክፍሉ ወደ ደረጃው ስትወጣ።

የቀራት የመጨረሻው ምስል ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ምስሉን ሠርቶ እንዲያወጣው ከማዘዟ በፊት የቦቱን ክፍሎች ዝርዝር ትከፍታለች። ቆዳ፣ ገበር፣ ዚፕ፣ ሶል። ከየስማቸው ጎን ያለችው፣ ክፍሉ ስዕሉ ላይ እንደሚታይ የምትነግረው የዓይን ምልክት በርታለች። አንዷ ብቻ ጠፍታለች፤ «ብረት» ከሚለው ጎን ያለችው።

ዝርዝሩን እንደገና ከላይ ጀምራ ታነባለች።

ባለፈው ሳምንት ኮምፒውተሩ እየተንቀራፈፈ አላሠራ ሲላት ከውጭ የማይታየውን ሁሉ አጥፍታ ነበር። ሶሉ ውስጥ የሚገባውን ብረት መልሳ ሳታበራ ነው የሥራ ስዕሉን አትማ ለአባቷ የሰጠችው። ያ ብረት ከሌለ የሚጫማውን ሰው የሚሸከመው ካርቶንና ሙጫ ነው። ደረጃ ላይ ተረከዙ ከታጠፈ፣ ኧረ እሱ ይጠብቅ፣ አንገትም ይሰበራል።

«አባዬ!» ትላለች ወደ ጎን ክፍል። የስፌት መኪናው ድምፅ ይቆማል፤ አባቷ ግን ቀና አይልም። ካለፈው ወር ጀምሮ አኩርፏል፤ በራሱ ግምት ተረከዝ ስላወፈረ «ከስዕሉ ዝንፍ እንዳትል» ካለችው ወዲህ።

«ብረቱን አስገብተኸዋል አይደል?»

«ስዕሉ ላይ አለ?»

«የለም…»

«ታዲያ እኔን ምን አገባኝ?»

ወንበሩን ገልብጣ ትሮጣለች።

ሚጢ አራት ደረጃ ወርዳለች፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ሞዴል መሆኗ ነው። ከታች ደንበኛዋ አንጋጣ ታያታለች።

«ሚጢ፣ ባለሽበት!»

«ምነው፣ ቀናሽ እንዴ?» ቀኝ እግሯን ታነሳለች።

ደንበኛዋ እየሰማች መናገር የሦስት ወር ልፋትን ገደል መክተት ነው። ትናገረዋለች። «ብረት የለውም! እኔ ነኝ የረሳሁት!»

ሚጢ የጫማ ሠሪ ልጅ ናት፣ ማብራሪያ አያስፈልጋትም። ሳቋ ፊቷ ላይ ደርቆ ይቀራል። የግራ ተረከዟ ወደ ውስጥ ማዘንበል ሲጀምር ሁለቱም ያዩታል።

«ያዥኝ» ትላለች በሹክሹክታ። «እየሄደ ነው፤ ያዥኝ!»

ታላቋ ደረጃው ላይ በሆዷ ተዘርግታ የእህቷን ቁርጭምጭሚት በሁለት እጇ ትጨብጣለች። ሚጢ መደገፊያው ላይ ተንጠልጥላ ቀስ ብላ ቁጭ ትላለች።

አባታቸው ጩኸቱን ሰምቶ ይደርሳል። ከሚጢ በታች ይንበረከክና ዚፑን ከፍቶ ቦቱን ያወልቃል። ተረከዙን በአውራ ጣቱ ጫን ሲያደርገው እጥፍ ይላል።

«አውቄ ነበር» ይላል። «ስዕሉን ያየሁ ዕለት አውቄ ነበር። ለሱቅ መስኮት ማሳያ ብቻ መስሎኝ… መጥታ ትጠይቀኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ቦቱ ከእጁ አምልጦ እየተንከባለለ ደንበኛዋ እግር ሥር ያርፋል፤ ዞር ብሎ እንኳ አያየውም። የሚጢን ባዶ እግር መዳፉ ላይ አስቀምጦ፣ ልክ እንደተወለደችበት ዕለት፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ እየነካ ይቆጥራል።